አሻራሽ የማን ነው? ኩዌት ውስጥ ስለ ባስማ ማወቅ ያለብን

እ.ኤ.አ በ2024 አባሲያ ውስጥ ሁለት ሐበሾች ከተገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ባስማ አድርገሻል?» የሚል ነበር። እንጀራ የሚሸጥበት ቤት፣ ገንዘብ የሚላክበት ሰልፍ ላይ፣ ዓርብ ዓርብ ቡና ላይ ወሬው ይኸው ነበር። አንዷ «ካላደረግሽ ባንክሽ ይዘጋል» ትላለች። ሌላዋ «ከሄድሽ እዚያው ይይዙሻል» ትላለች። ሦስተኛዋ «እኔ ምን አገባኝ፣ ማዳም ወስዳ ታስደርገኛለች» ብላ ትተወዋለች።

ከሦስቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አለ። ግን አንዳችንም ያልጠየቅነው ጥያቄ ነበር፦ የወሰዱት ምንድን ነው? ማን ያስቀምጠዋል? ለምን ሥራ ይውላል? እስከ መቼ? ኩዌት ውስጥ በሰው ቤት ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ጠበቃ አይደለሁም። ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ያነበብኩትን፣ የጠየቅኩትንና ያየሁትን ለእህቶቼ ባካፍል ይጠቅማል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ምን ነበር የተወሰደው?

የኩዌት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ይህን ምዝገባ የጀመረው እ.ኤ.አ በግንቦት 2023 ነው። ዕድሜው 18 የሞላ ሰው ሁሉ፣ ኩዌታዊም ሆነ የውጭ አገር ዜጋ፣ እንዲመዘገብ ታዘዘ። ቀጠሮ የሚያዘው «ሳህል» በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ወይም «ሜታ» በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ነበር። ቀነ ገደቡ ከተራዘመ በኋላ ለኩዌታውያን እ.ኤ.አ መስከረም 30 ቀን 2024፣ ለእኛ ለውጭ ዜጎች ደግሞ የታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ሆነ።

የሚወሰደው ነገር አራት ነው፦ የአሥሩም ጣቶች አሻራ፣ የፊት ምስል፣ የዓይን ብሌን ዙሪያ ያለው ባለ ቀለም ቀለበት ምስል፣ እና በመሣሪያ ላይ የሚፈረም ፊርማ። ማሽኑ እነዚህን ወደ ቁጥር ይለውጣቸዋል። ከዚያ በኋላ በአየር ማረፊያ፣ በድንበር ኬላ ወይም በመኽፈር (ፖሊስ ጣቢያ) ጣትሽን ስታሳርፊ ቁጥሩ ከተቀመጠው ጋር ይነጻጸራል። ስምሽን ሳትናገሪ፣ ፓስፖርት ሳታሳዪ ማን እንደሆንሽ ይታወቃል።

ላልተመዘገበ ሰው ቅጣቱ እስር አልነበረም። በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል የሚሠራ ጉዳይ ሁሉ ይቆማል። ኢቃማ ማደስ እዚህ ውስጥ ነው። ቀጥሎ ባንኮች ታዘዙና ያልተመዘገበ ሰው ሒሳብ ደረጃ በደረጃ ታገደ። ደሞዟ በባንክ የሚገባላት እህት ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለች፤ ለእናቷ የምትልከው ብር ካርዱ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ ማለት ነው።

ፍርድ ቤት «ይሄስ በዛ» ያለበት ጊዜ

ብዙዎቻችን የማናውቀው ታሪክ አለ። ኩዌት ከዚህ በፊት ከአሻራ የባሰ ነገር ለመሰብሰብ ሞክራ በራሷ ፍርድ ቤት ተከልክላለች።

እ.ኤ.አ ሰኔ 26 ቀን 2015፣ በረመዳን ወር በጁማ ሶላት ላይ፣ ኩዌት ከተማ በሚገኘው የኢማም ሳዲቅ መስጊድ አጥፍቶ ጠፊ ቦምብ አፈነዳ። 27 ሰዎች ሞቱ፣ ከ200 በላይ ቆሰሉ። አገሩ ደነገጠ። ፓርላማው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕግ ቁጥር 78/2015ን አጸደቀ። ሕጉ የአገሩ ዜጋ፣ ነዋሪውና ጎብኚው ሁሉ የዲኤንኤ ናሙና እንዲሰጥ የሚያስገድድ ነበር። እምቢ ያለ እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ዲናር ቅጣት ይጠብቀው ነበር።

ዲኤንኤ ከአሻራ ይለያል። አሻራ የሚናገረው «ይቺ እገሌ ናት» ብቻ ነው። ዲኤንኤ ግን አባትሽ ማን እንደሆነ፣ ልጅሽ የማን እንደሆነ፣ በዘር የሚተላለፍ በሽታ እንዳለብሽ ሊናገር ይችላል። ስለዚህ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ በሐምሌ 2016 ሕጉ ከሚያስፈልገው በላይ የሰውን የግል ሕይወት የሚነካ ነው ብሎ ተቸ። የኩዌት ጠበቆችም ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። እ.ኤ.አ ጥቅምት 5 ቀን 2017 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሕጉን ሰረዘው። መሠረቱ የግል ነፃነትን የሚያረጋግጠው የኩዌት ሕገ መንግሥት ነበር።

ይህን የምነግርሽ ታሪክ ለማውራት አይደለም። ፍርዱ የሚያሳየው አንድ ነገር አለ። መንግሥት «ለጸጥታ ነው» ሲል ምክንያቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ 27 ሰው ሞቶ ነበር እኮ። ቢሆንም ምክንያቱ እውነተኛ ስለሆነ ብቻ የፈለገውን ያህል ከሰው ሰውነት ላይ መውሰድ አይችልም። ልክ አለው። ልኩን የሚያስቀምጠው ደግሞ ሕግ ነው።

ታዲያ የአሻራውስ ልክ የቱ ጋ ነው? እዚህ ላይ ክፍተት አለ። ኩዌት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንም ጭምር የሚገዛ፣ ሁሉን አቀፍ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ የላትም። የመገናኛ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን እ.ኤ.አ በ2021 ያወጣው የመረጃ ጥበቃ ደንብ ለቴሌኮምና ለመሳሰሉት አገልግሎት ሰጪዎች የወጣ ነው። አሻራሽ ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ፣ ከአገር ስትወጪ ይጠፋ እንደሆነ፣ ስህተት ቢኖርበት የት ሄደሽ እንደምታስተካክዪ በግልጽ የሚነግርሽ እንዲህ ያለ ሕግ ያስፈልግ ነበር።

ጎረቤቶቻችን ምን አደረጉ?

አባሲያ የሕንዶች ሰፈር ነው፤ ሱቁ፣ ክሊኒኩ፣ ምግብ ቤቱ ሁሉ በማላያላም ጽሑፍ የተሞላ። ደረጃ የምንጋራት አንዲት የኬረላ ሴት ስለ ባስማ ሳወራት «እኛ አገር ቤትም ሰጥተናል» አለችኝ። ሕንድ «አድሃር» የሚባል ባለ 12 አሐዝ መታወቂያ አላት፤ አሥር ጣት፣ ሁለት ዓይንና ፊት የሚመዘገብበት ነው። ሰዎች ተቃውመው ፍርድ ቤት ሄዱ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በነሐሴ 2017 የግል ሕይወት መከበር መሠረታዊ መብት ነው አለ። በመስከረም 2018 ደግሞ መታወቂያው ይቀጥል፣ ነገር ግን ባንክ ለመክፈትና ሲም ካርድ ለማውጣት አድሃር ግዴታ አይሁን ብሎ ወሰነ። ልብ በይ፤ እኛ ጋ የባንክ ሒሳብ የታገደበት ነገር እዚያ ተከልክሏል።

ኬንያም እንዲሁ። «ሁዱማ ናምባ» የተባለው ምዝገባ ሲጀመር ዲኤንኤና የመኖሪያ ቦታ ጠቋሚ መረጃ እንዲወሰድ ሕጉ ይፈቅድ ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በጥር 2020 እነዚህን ሁለቱን ከለከለ፤ ሌላውም ቢሆን በቂ የጥበቃ ሕግ ከወጣ በኋላ ይቀጥል አለ።

የእኛስ አገር? ኢትዮጵያ ውስጥ «ፋይዳ» አለ። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመ ነው። እሱም አሥር ጣት፣ የዓይንና የፊት ምስል ይወስዳል፣ ቁጥሩም 12 አሐዝ ነው። የኩዌት ባጣቃሽ ላይ ያለው የሲቪል ቁጥርም 12 አሐዝ ነው። አንዳንዷ እህት ዛሬ አሻራዋ በሁለት መንግሥት ዘንድ ተቀምጧል ማለት ነው።

ደግነቱ አገራችን እ.ኤ.አ በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። አዋጁ አሻራንና የመሳሰለውን ልዩ ጥበቃ የሚያስፈልገው መረጃ ያደርገዋል። ስለ አንቺ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማስተካከል መብት ይሰጣል። እንዲያስፈጽም ኃላፊነት የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26ም የግል ሕይወት መከበርን መብት ይለዋል። ሕግ መውጣቱና መሥራቱ ሁለት ነገር ነው፤ ቢሆንም የምንይዘው ወረቀት አለን።

ለቤት ሠራተኛ ለምን ይለያል?

ባስማ ለኢንጂነሩም ለሠራተኛዋም እኩል ይመስላል። አይደለም። አምስት ነገር ልንገርሽ።

አንደኛ፣ ጣታችን። ክሎሮክስ፣ ሙቅ ውሃ፣ የብረት መፈተጊያ፣ የሽንት ቤት አሲድ የጣትን ቆዳ ይልጣል፤ መስመሩን ያደበዝዛል። እኔ ራሴ ማሽኑ ላይ ጣቴን ሳስቀምጥ ሦስት ጊዜ «እንደገና» ተብያለሁ። አብራኝ የነበረችው ፊሊፒናዊትም እንደዚሁ። የቢሮ ሰው ጣት በአንዴ ይነበባል፤ የእኛ ጣት ግን ሥራችንን ይናገራል። ደግነቱ ቆዳ ራሱን ያድሳል፤ ኬሚካሉ ከቀረለት በሳምንታት ውስጥ መስመሩ ይመለሳል። ከዚህ በታች ምን ማድረግ እንደምትችዪ ጽፌያለሁ።

ሁለተኛ፣ መንገዱ በከፊል በኩል ነው። ቀጠሮው በስልክ፣ ስልኩ በኢንተርኔት፣ መውጫው በማዳም ፈቃድ። ብዙዋ እህት ቀኑ እንዳለፈ ያወቀችው ባንክ ስትሄድ ነው። ግዴታው በሠራተኛዋ ላይ ነው፣ መወጣት የሚያስችለው መንገድ ግን በአሠሪዋ እጅ ነው።

ሦስተኛ፣ «ጠፍታለች» የሚለው ሪፖርት። አሠሪ ሠራተኛዬ ጠፋች ብሎ ካመለከተ ያ ሪፖርት ከሲቪል ቁጥርሽ ጋር ይያያዛል፤ ቁጥሩ ደግሞ ከአሥሩ ጣትሽ ጋር። ደሞዝ ተከልክላ ወይም ተመትታ የወጣች እህትና በሌላ ምክንያት የወጣች ሴት ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። ማሽኑ ማን እንደሆንሽ ያውቃል፤ ለምን እንደወጣሽ አያውቅም። ከአገር በግዳጅ የተመለሰች ሴት አሻራዋ ከተመዘገበ በኋላ ተመልሳ መግባት አትችልም። እ.ኤ.አ ከመጋቢት 17 እስከ ሰኔ 2024 መጨረሻ በነበረው ምሕረት ግን ኢቃማቸው ያለፈባቸው ሰዎች ያለ ቅጣት ወጥተው በአዲስ ቪዛ የመመለስ ዕድል ነበራቸው። የአወጣጥሽ ዓይነት በአሻራሽ ላይ እንደ ጥላ ይከተልሻል።

አራተኛ፣ ስምና ዕድሜ። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68/2015 ከ21 ዓመት በታች የሆነች ሴት እንዳትቀጠር ይከለክላል። ደላላው ይህን ስለሚያውቅ የ17 ዓመቷን ልጅ በፓስፖርት 22 ያደርጋታል፤ አንዳንዷን ስሟንም ለውጦ ይልካታል። ድሮ ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ነበር። አሁን በኩዌት ማሽን ላይ አንድ ስም፣ አገር ቤት በፋይዳ ላይ ሌላ ስም ያላት ሴት አለች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ጣጣው ግን የእሷ ነው። ባንክ ያጠራቀመችውን ስታወጣ፣ ቤት ስትገዛ፣ ልጇን ስታስመዘግብ ይመጣባታል።

አምስተኛ፣ የወረቀት ባስማ። መንግሥት የሚወስደው አሻራ አንድ ነገር ነው፣ ማዳም ወይም መክተብ በዓረብኛ ወረቀት ላይ በቀለም የሚያስነካሽ አውራ ጣት ሌላ ነገር ነው። አንዲት ጓደኛዬ አሠሪዋ «ለባስማ የሚያስፈልግ ነው» ብላ ወረቀት አቀረበችላትና ጣቷን አሳረፈች። ወረቀቱ የስድስት ወር ደሞዟን እንደተቀበለች የሚናገር ነበር። የመንግሥቱ ምዝገባ በማሽን ነው፤ ቤት ውስጥ በቀለም የሚነካ ወረቀት የለውም። ይህን አትርሺ።

ጥቅሙንም አንካድ

አሻራን እንደ ጠላት ብቻ ማየት ልክ አይደለም። ፓስፖርቷ በማዳም ቁምሳጥን ተቆልፎ፣ በለበሰችው ልብስ የወጣች ሴት ድሮ «ማን ነሽ?» ስትባል ማስረጃ አልነበራትም። ዛሬ ጣቷ ይናገርላታል። በስሟ ሌላ ሰው ገንዘብ እንዳያወጣ፣ በሕመም ራሷን ስታ ሆስፒታል ብትገባ ማንነቷ እንዲታወቅ ሊረዳ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «ይሰብሰብ ወይስ አይሰብሰብ» ብቻ አይደለም። ከተሰበሰበ በምን ሕግ ይጠበቅ የሚለው ነው።

የይለፍ ቃል ቢሰረቅብሽ ትቀይሪዋለሽ። ጣትና ዓይን አይቀየርም። ስለዚህ እኔ እንደ ሠራተኛ ከየትኛውም መንግሥት የምፈልገው ይህን ነው፦ አሻራዬ ለተባለው ዓላማ ብቻ ይዋል። እስከ መቼ እንደሚቀመጥ ይነገረኝ። ለሌላ አገር ወይም ለሌላ መሥሪያ ቤት የሚተላለፍ ከሆነ በሕግ ይወሰን። ስህተት ካለበት በቋንቋዬ አቤት የምልበት ቦታ ይኑር። ጣቷ ያልተነበበላት ወይም አሠሪዋ ያላመጣት ሴት ገንዘቧ አይታገድባት። አሠሪ ያቀረበው ሪፖርት ከአሻራዬ ጋር ከመያያዙ በፊት የእኔም ቃል ይሰማ። ይህ ትርፍ ጥያቄ አይደለም፤ የሕንድና የኬንያ ፍርድ ቤቶች ለዜጎቻቸው ተመሳሳይ ጥያቄ አይተው ወስነዋል።

አሁን ምን ማድረግ ትችያለሽ?

ከምዝገባ ወይም ከጉዞ በፊት ጣትሽን ተንከባከቢ። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ስታጸጂ ጓንት አድርጊ። ማታ ማታ ቫዝሊን ወይም ቅባት ተቀቢ። በዕለቱ ግን እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ አድርቀሽ ሂጂ፤ የተቀባ ጣት አይነበብም። እንቢ ካለ ተረጋጊ፤ በሌላ ጣት፣ በዓይን ወይም በፊት እንዲሞከር ጠይቂ። ለጤናሽም ይህን ያዢ፦ ክሎሮክስን ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር በፍጹም አትቀላቅዪ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይመርዛል።

መመዝገብሽን ራስሽ አረጋግጪ። ስልክ ካለሽ ሳህል ላይ ይታያል። ከሌለሽ አሠሪሽን «አሳዪኝ» በይ፤ ከተቻለ የስክሪኑን ፎቶ ላኪልኝ በያት።

የኩዌት ሞባይል መታወቂያ («ሁዊያቲ») በሰው ስልክ ላይ እንዳይከፈት ተጠንቀቂ። በአንቺ ስልክ ላይ ከሆነ፣ «ፍቀጂ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ማን እንደጠየቀና ለምን እንደሆነ ሳታውቂ አትንኪው። አንድ ጊዜ መንካት እንደ ፊርማ ነው።

ስልክ ደውሎ «ባስማሽን ላድስልሽ፣ የመጣልሽን ቁጥር ንገሪኝ» የሚል ሰው ሌባ ነው። ባስማ በአካል ቀርበሽ እንጂ በስልክ አይሠራም።

ባልገባሽ ወረቀት ላይ ጣትሽን አታሳርፊ። «አልገባኝም፣ ፎቶ ላንሳና ላስነብበው» በይ። ግድ ካሉሽ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን እንደነበረ ጻፊና ለምታምኚው ሰው ወዲያው ላኪ።

የፓስፖርትሽን፣ የባጣቃሽንና የኮንትራትሽን ፎቶ አንስተሽ ለቤተሰብ ላኪ። ሕግ ቁጥር 68/2015 አሠሪ ያለ ሠራተኛዋ ፈቃድ ፓስፖርቷንም ሆነ ባጣቃዋን እንዳይዝ ይከለክላል። መጠየቅ መብትሽ ነው።

ደሞዝ ተከልክለሽ ወይም ተበድለሽ ለመውጣት ካሰብሽ፣ ከመውጣትሽ በፊት ወይም በወጣሽበት ቀን ወደ ኤምባሲ ወይም ወደ ኩዌት የሰው ኃይል ባለሥልጣን የቤት ሠራተኞች ክፍል አመልክቺ። የአንቺ አቤቱታ ከአሠሪሽ ሪፖርት ቀድሞ ከገባ ትልቅ ልዩነት አለው። ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነ 112 ደውዪ።

መኽፈር ውስጥ አሻራ ከተወሰደብሽ «ይህ ለምን ነው? ምን ተብሎ ተመዘገበ?» ብለሽ ጠይቂ፤ አስተርጓሚም ጠይቂ። መልስ ላታገኚ ትችያለሽ። ግን መጠየቅሽ፣ ቀኑንና ቦታውን መያዝሽ በኋላ ለሚረዳሽ ሰው መነሻ ይሆናል።

ስምሽ ወይም ዕድሜሽ በደላላ የተቀየረ ከሆነ ሌላ ስም ጨምረሽ አታወሳስቢው። የልደት ማስረጃ፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የቤተሰብ ምስክር አሰባስቢና ፋይዳ ከመመዝገብሽ በፊት ከኤምባሲ ወይም አገር ቤት ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ምክር ጠይቂ።

ዓርብ ቡና ላይ ወሬው ሲነሳ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨምሪበት። «ባስማ አድርገሻል?» ላለችሽ እህት «አዎ፣ አንቺስ የነካሽውን ወረቀት አንብበሽዋል?» በያት። ካላነበበች አብራችሁ የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ።